ማሽኑን ከመላካችሁ በፊት፦ ሌሊት ስለሚቆም ትንፋሽና ስለ ደከመ ልብ



በዚህ ክረምት ብቻ ውጭ አገር ካሉ ተማሪዎቼ ሦስቱ አንድ ዓይነት ጥያቄ በውስጥ መስመር ልከውልኛል። አሳጥሬ ላቅርበው፦ «ጋሼ፣ አባቴ እንፍራንዝ ነው ያለው። የልብ ድካም አለብህ ተብሏል። እናቴ ደግሞ ሌሊት ትንፋሹ ጭጭ ይላል፣ ሞተ ብዬ ልነሳ ስል ተመልሶ ይመጣል ትለኛለች። እዚህ ሰው አፍንጫው ላይ አድርጎት የሚተኛበት የአየር ማሽን አለ። ገዝቼ ልላክለት ወይ?»

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ባዮሎጂ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ግን የዚህ ጥያቄ ታሪክ ለዓመታት ሳነበው የኖርኩት ነው፤ ታሪኩ ደግሞ ለጥያቄው መልስ አለው። ለእያንዳንዳቸው ከምጽፍ ለሁላችሁም ይድረስ ብዬ እዚህ አወጣሁት። ረዘም ይላል፤ ቡናው እስኪፈላ አንብቡት። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ስለ ቃሉ እንግባባ። «የልብ ድካም» የሚለውን ቃል ድንገት ደረትን ጨምድዶ ለሚጥለው ሕመምም ሲጠቀሙበት ትሰማላችሁ። እኔ የምለው ሌላውን ነው፦ ልብ ደም የመግፋት ጉልበቱ እያነሰ የሚሄድበትን። ልቡ ይመታል፣ ሰውየው ይራመዳል፣ ይበላል፣ ይጫወታል። ግን ደሙ እንደ ድሮው ስለማይሄድ ውኃ ሳንባና እግር ላይ ይጠራቀማል። ዳገት ሲወጣ ያለከልካል፣ ማታ ማታ ቁርጭምጭሚቱ ያብጣል፣ ጋደም ሲል አየር ያጥረዋል። በተለያዩ አገሮች በተደረጉ ጥናቶች ከነዚህ ሕሙማን ግማሽ ያህሉ ሌሊት ሲተኙ ትንፋሻቸው ይዛባል። ስለዚህ የተማሪዬ እናት የምታየው ነገር ብርቅ አይደለም።

እኛ ልጅ ሆነን ሌሊት ሰውን የሚያፍን ነገር ሁሉ ስሙ አንድ ነበር፤ ዱካክ። ዱካክ ነው ከተባለ ክታብ ይታሰራል፣ ጠበል ይረጫል፣ ነገሩ በዚያ ያልቃል። ልብ በሉ ግን፤ ዱካክ የያዘው ሰው ራሱ ያውቀዋል። «ነቅቻለሁ፣ ልጮህ ብል ድምፄ አልወጣም፣ ደረቴ ላይ የተቀመጠ ነገር ነበር» ብሎ ጠዋት ለቤተሰቡ ይተርካል። የደከመ ልብ የሚያመጣውን የትንፋሽ መቆም ግን ባለቤቱ አብዛኛውን ጊዜ አያውቀውም። ጠዋት ብትጠይቁት «ደህና አድሬያለሁ፣ ብቻ ምን እንደሆነ አላውቅም ድክም ብሎኛል» ነው የሚላችሁ። የሚያውቀው ጎኑ የተኛው ሰው ነው። ይህችን ልዩነት ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እንመጣባታለን።

እንግዲህ ወደ ታሪኩ። ጎንደር ለሐኪም አዲስ አገር አይደለችም። በ1699 ፈረንሳዊው ሻርል ፖንሴ ከካይሮ ተነሥቶ በሱዳን በኩል ጎንደር የገባው አድያም ሰገድ ኢያሱን ከቆዳ በሽታ ለማከም ነበር። በጉዞ ጽሑፉ የኛዋን እንፍራንዝንም ያነሳታል። አትገረሙ፤ እንፍራንዝ ያን ጊዜ አውቶቡስ ቆሞ የሚያልፋት የመንገድ ዳር ከተማ አልነበረችም። ጎንደር ከተማ ሳትሆን በፊት አፄ ሠርፀ ድንግል ጣናን ቁልቁል በሚያይ ኮረብታ ላይ የጉዛራን ግንብ ያሠሩባት አገር ናት። ከፖንሴ ሰባ ዓመት በኋላ፣ በ1770፣ ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ መጣ። ብሩስ በሙያው ሐኪም አልነበረም፤ ግን ቁስቋም ላይ በእቴጌ ምንትዋብ ቤተሰብ ፈንጣጣ ሲገባ ሕሙማኑን ያስታመመው እሱ ነው።

ለነዚህ ሁለት ሰዎች እግሩ ያበጠና ሌሊት ቁጭ ብሎ የሚያድር ሰው ቢያመጡላቸው ምን ያደርጉለት ነበር? ብዙም ምንም። የጎንደር ደብተራ አያውቅ ብሎ የሚስቅ ካለ፣ የለንደኑም የፓሪሱም ሐኪም ያን ጊዜ እዚያው ነበር። እንግሊዛዊው ዊልያም ዊዘሪንግ ዲጂታሊስ የሚባለው ዕፅ የእብጠት ሕሙማንን እንደሚረዳ ያወቀው ብሩስ ከጎንደር ከወጣ በኋላ፣ በ1775 ነው። እሱም ከአንዲት ባልቴት የቤት መድኃኒት ተነሥቶ ነው ያገኘው። ዐሥር ዓመት ሞክሮ በ1785 መጽሐፍ አወጣ። ዛሬ በሐኪም ቤቶቻችን የሚታዘዘው ዲጎክሲን የዚያው ዕፅ ዘር ነው።

እብጠቱ እንዲህ መላ ሲያገኝ የሌሊቱን ትንፋሽ የመዘገበው ደግሞ ሌላ ሰው ነው። በ1818 ዳብሊን ውስጥ ይሠራ የነበረው ሐኪም ጆን ቼይን የ60 ዓመት ሰው ያስታምም ነበር። የሰውየው ትንፋሽ ለሩብ ደቂቃ ያህል ፈጽሞ ይቆማል። ከዚያ በቀጭኑ ይጀምራል፤ እየጎላ፣ እየፈጠነ፣ እየከበደ ይሄዳል፤ ከዚያ ደግሞ እየቀነሰ ወርዶ ጸጥ ይላል። አንዱ ዙር አንድ ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። ቼይን ሰዓት ይዞ ቆጠረው። ሰውየው ሲሞት አስከሬኑን መረመረና ልቡ የተበላሸ ሆኖ አገኘው። በ1854 የዚያው ከተማ ሐኪም ዊልያም ስቶክስ ስለ ልብ ሕመም ባሳተመው ትልቅ መጽሐፍ ይህን አተነፋፈስ የደከመ ልብ ምልክት ነው ብሎ ጻፈ። ከዚያ ወዲህ በዓለም ሁሉ የቼይንና የስቶክስ አተነፋፈስ ይባላል። ጥንታዊው የግሪክ ሐኪም ሂፖክራተስም ከክርስቶስ ልደት በፊት በታሶስ ደሴት ስላከመው ስለ አንድ ሕመምተኛ ሲጽፍ፣ መተንፈስን እየረሳ እንደገና ትዝ እንደሚለው ሰው አልፎ አልፎ በረጅሙ ይተነፍስ ነበር ይላል። ተማሪዎቼ ሆይ፣ ከዚህ ሁሉ ሰው እጅ ውስጥ ትንፋሽ የሚመዘግብ መሣሪያ አልነበረም። የነበራቸው ጆሮ፣ ሰዓትና አልጋ አጠገብ የመቀመጥ ትዕግሥት ነው።

ለምን እንዲህ ይሆናል? ክፍል ውስጥ ብሆን ኖሮ በጠመኔ እሥለው ነበር፤ እዚህ በምጣድ ላስረዳችሁ። በእንጨት በሚነድ የሸክላ ምጣድ የጋገረ ሰው ይህን ያውቃል። ምጣዱ ቀዝቅዟል ብለሽ እንጨት ትጨምሪያለሽ። ሸክላው ወፍራም ነውና ሙቀቱ ወዲያው አይመጣም። አልሞቀም ብለሽ ደግሞ ትጨምሪያለሽ። ድንገት ይግልና እንጀራው ያራል። ደንግጠሽ እንጨቱን ትጎትቻለሽ፤ ምጣዱ ግን ወዲያው አይበርድም። አሁንም ትጎትቻለሽ። ከዚያ አንዴ ይበርድና ዓይን የሌለው እንጀራ ይወጣል። ጥፋቱ የጋጋሪዋ አይደለም፤ ወሬው ከምጣዱ ወደ እሷ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው።

አንጎላችን ጋጋሪዋ ናት። ትንፋሽ ጨምር ቀንስ የምትለው በዋናነት በደም ውስጥ ያለውን የተቃጠለ አየር፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድን፣ እየለካች ነው። ይህን ሃልዴንና ፕሪስትሊ በ1905 አሳይተዋል። ልብ ሲደክም ሁለት ነገር ይበላሻል። አንደኛ፣ ሳንባ ውስጥ የተጠራቀመው ውኃ አንጎልን እየጎተጎተ ሰውየው ከሚገባው በላይ እንዲተነፍስ ያደርገዋል። የተቃጠለው አየር ከልክ በታች ይወርዳል፤ በእንቅልፍ ጊዜ ደግሞ አንጎል «አሁን መተንፈስ አያስፈልግም» ብላ ታቆማለች። ሁለተኛ፣ ደሙ የሚሄደው በዝግታ ስለሆነ ከሳንባ የተነሣው ወሬ አንጎል ዘንድ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው። ሲደርስ የተቃጠለው አየር ከልክ አልፏል፤ ሰውየው እያለከለከ ይነሣል። ሌሊቱን ሙሉ እንዲህ ሲጨምርና ሲቀንስ ያድራል። የቆመው ትንፋሽ እንግዲህ ራሱን የቻለ በሽታ ሳይሆን የደከመው ልብ መልእክተኛ ነው።

ሌላም የትንፋሽ መቆም እንዳለ ግን አትርሱ። እሱ አንጎል ትንፋሽን ስትረሳ ሳይሆን ጉሮሮ ሲዘጋ የሚመጣው ነው። ሰውየው በኃይል ያንኮራፋል፤ ማንኮራፋቱ ድንገት ይቋረጣል፤ ደረቱና ሆዱ ግን አየር ለመሳብ እየታገሉ ይንቀሳቀሳሉ፤ ከዚያ በትልቅ ኩርፊያ ይከፈታል። በቼይንና ስቶክስ ዓይነት ግን ትንፋሹ ሲቆም ደረቱም ሆዱም ዝም ይላሉ። የልብ ድካም ያለበት ሰው አንዱም ሌላውም፣ ሁለቱም ሊኖርበት ይችላል። ቀን እግሩ ላይ የተጠራቀመው ውኃ ሌሊት ሲጋደም ወደ ላይ ስለሚመለስ ሳንባውን ብቻ ሳይሆን አንገቱንም ያጠበዋል።

እዚህ ላይ አንድ የአገራችን ሰበብ አለ፤ «ደጋ ስለሆነ ነው፣ አየሩ ቀጭን ነው» የሚል። ነገሩ መሠረት የለውም አልልም። ጣሊያናዊው አንጀሎ ሞሶ በ1890ዎቹ የሞንቴ ሮዛ ተራራ ጫፍ ላይ፣ ወደ 4,550 ሜትር ከፍታ ማለትም የኛ ራስ ዳሽን አካባቢ በሆነ ቁመት፣ ከታች የመጡ ጤነኛ ሰዎችን ተኝተው እያሉ ትንፋሻቸውን በመሣሪያ ቀዳው። ጤነኞቹም ሲተኙ ትንፋሻቸው ይወጣ ይወርድ፣ ይቆምም ነበር። ግን ይህ ከቆላ ለወጣ እንግዳ ነው። እዚሁ ስሜን ውስጥ በአምባራስ፣ 3,530 ሜትር ላይ፣ ሲንቲያ ቢል የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪና ባልደረቦቿ 236 ነዋሪዎችን መርምረው በ2002 ያሳተሙት ጥናት አለ። የደማቸው ኦክስጅን በአማካይ 95.3 በመቶ ነበር፤ የደማቸው ውፍረትም ዝቅ ያለ አገር ላይ ከሚኖር ሰው ብዙ የማይለይ ሆኖ ተገኘ። በአንዲስና በቲቤት ተራሮች ከታየው የተለየ ስለሆነ ዓለም ተገረመበት። ጥናቱ የተሠራው በጤነኞች ላይ ነው፤ ለኛ የሚነግረን ግን ይህን ነው፦ ተወልዶ ላደገበት ሰው ደጋው ጠላቱ አይደለም። የእንፍራንዝ ሽማግሌ ደግሞ ከአምባራስ በብዙ ዝቅ ብሎ ነው የሚኖረው። ትንፋሹ ከቆመ አየሩን ትቶ ልቡን ማየት ነው።

ልቡን የሚያይ ሰው ወደኛ አካባቢ መቼ መጣ ብትሉ፣ ትልቁ ዓመት 1954 ነው። ከዚያ ባለፈው ዓመት ደምቢያ ሜዳ ላይ የወባ ወረርሽኝ ገብቶ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ጨርሷል። መንግሥት ከዓለም ጤና ድርጅት፣ ከዩኒሴፍና ከአሜሪካ እርዳታ ጋር ሆኖ የጎንደርን የጤና ኮሌጅ የከፈተው በዚህ ጊዜ ነው። ሐሳቡ ለአገሩ እንዲሆን ተደርጎ የተሰፋ ነበር፦ ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ጠባቂ በቡድን ሆነው ገጠር እንዲወርዱ። በ1978 ደግሞ ከምሥራቅ ጀርመኑ የላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የሕክምና ፋኩልቲ ተጨመረ። ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የምንለው ከዚህ ሥር የበቀለ ነው።

የነዚህን ሰዎች አሠራር በዓይኔ ያየሁት በአክስቴ ነው። አክስቴ ጠፍር አልጋዋ ላይ መተኛት ትታ የጤፍ ጆንያ ተደግፋ፣ ጋቢዋን ተከናንባ ቁጭ ብላ ማደር ከጀመረች ወራት አልፏት ነበር። ዱካክ ነው ተብሎ የሚደረገው ሁሉ ተደርጎላታል። በመጨረሻ ከጎንደር ተመርቆ የወጣ አንድ ወጣት ጤና መኮንን ዘንድ ወሰድናት። እሷን «ሌሊት ትንፋሽ ያጥርሻል ወይ?» ቢላት «ኧረ ደህና ነኝ ልጄ» አለች፤ ያገራችን ሰው ለእንግዳ ሌላ መልስ የለውም። ልጁ ፊቱን አዞረና «አብሯት የሚያድረው ማን ነው?» ብሎ ጠየቀ። ባሏ ብድግ ብሎ ሌሊቱን ሁሉ ተናገረው፦ መቼ እንደሚቆም፣ እስከ ስንት ቆጥሮ እንደሚመለስ፣ ስንቴ ተነሥታ በር ከፍታ አየር እንደምትፈልግ። ለካ ሰውየው ወራቱን ሁሉ ሳይተኛ ሲቆጥር ነው የሚያድረው! የጠየቀው ሰው ስላልነበረ ለማንም አልነገረም። ውኃ የሚያወጣ መድኃኒት ተሰጣት፤ ጨው ቀንሺ ተባለች። በሁለተኛው ሳምንት አልጋዋ ላይ ተኛች። ከዚያ በኋላ ዓመታት ኖራለች።

አያችሁ፣ ያ ልጅ ያደረገው ቼይን በ1818 ያደረገውን ነው። የሚያዳምጠውን ሰው ፈልጎ ማዳመጥ።

አሁን ወደ ማሽኑ እንምጣ። በ1965 ፈረንሳይና ጀርመን ውስጥ ሐኪሞች የተኙ ሰዎችን አንጎልና ትንፋሽ በአንድ ላይ እየመዘገቡ ጉሮሮ ሌሊት መቶ ጊዜ ሊዘጋ እንደሚችል አሳዩ። መፍትሔው የመጣው ከአውስትራሊያ ነው። ኮሊን ሱሊቫን የተባለ የሲድኒ ሐኪም የአየር መንፊያ ሞተር ወስዶ፣ በቱቦ ከአፍንጫ ጋር አገናኝቶ፣ በአየር ግፊት ጉሮሮውን ከፍቶ የሚያሳድር መሣሪያ ሠራ። በ1981 የአምስት ሕሙማንን ውጤት አሳተመ። ዛሬ ሲፓፕ የሚባለው፣ ተማሪዎቼ ልላክ ወይ የሚሉኝ ማሽን ይህ ነው። ጉሮሮው ለሚዘጋበት ሰው ትልቅ በረከት ነው፤ አልክደውም።

ጥያቄው ከዚያ የመጣው ነው፦ ጉሮሮ ሲዘጋ ከጠቀመ፣ የደከመ ልብ ለሚያመጣው የትንፋሽ መቆምስ? ሐሳቡ ለሰሚ ትክክል ይመስላል። ትንፋሹ ከተስተካከለ ኦክስጅን ይበዛል፣ ልብ ያርፋል፣ ዕድሜ ይረዝማል። ካናዳውያን 258 የልብ ድካም ሕሙማንን ይዘው ሞከሩትና በ2005 ውጤቱን አወጡ። ማሽኑ የትንፋሹን መቆም በግማሽ ያህል ቀነሰው። ዕድሜ ግን አላራዘመም።

ምናልባት ማሽኑ ደካማ ሆኖ ነው ተባለ። ስለዚህ የበለጠ ብልህ የሆነ፣ ትንፋሽን እየተከታተለ ሲቀንስ የሚጨምር ሲጨምር የሚቀንስ ማሽን መጣ። በ1,325 ሕሙማን ላይ ተሞከረ። ሁሉም የልባቸው የመግፋት ጉልበት የቀነሰና ትንፋሻቸው በዋናነት ከአንጎል በኩል የሚቆም ነበሩ። በ2015 ውጤቱ ሲወጣ ዓለም ደነገጠ። ማሽኑ ትንፋሹን በሚገባ አስተካክሏል። ነገር ግን ማሽኑን ከተጠቀሙት በልብና በደም ሥር ችግር የሞቱት 29.9 በመቶ፣ ካልተጠቀሙት ደግሞ 24.0 በመቶ ሆኑ። ማሽኑ ሞት ጨመረ! ጥናቱን በገንዘብ የደገፈው ራሱ አምራቹ ነበር፤ ይባረክ፣ ውጤቱን ሳይደብቅ ሐኪሞችን አስጠነቀቀ። በኋላ በሌላ ማሽን የተደረገ ጥናት እንዲህ ያለ ጉዳት አላገኘም፤ ሞትን ግን እሱም አልቀነሰም።

ተመራማሪዎቹ ለምን እንደሆነ ዛሬም ይከራከራሉ። ደረት ውስጥ የሚገባው ግፊት የደከመውን ልብ ጨቁኖት ይሆናል የሚሉ አሉ። ያ ወጣ ገባ አተነፋፈስ ራሱ ሰውነት ችግሩን የሚችልበት ዘዴ ይሆናል የሚሉም አሉ። ለኛ የሚበቃን ትምህርት ግን ግልጽ ነው። መልእክተኛውን ዝም ማሰኘት መልእክቱን መመለስ አይደለም። የልቡ መድኃኒት ሲስተካከልና ውኃው ሲወጣ ትንፋሹ በብዙ ሰው ላይ ራሱ ይሻሻላል።

ስለዚህ ልጆቼ፣ መልሴ ይህ ነው፦ አባታችሁ በሐኪም ታይቶ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ሳይለይ ማሽን አትላኩ። በተለይ ትንፋሽን እየተከታተለ የሚጨምረውን ዓይነት። ሰው ተጠቅሞበት የተወውን ማሽን ደግሞ ከገበያ ለቅማችሁ አታምጡ። በ2021 አንድ ትልቅ አምራች ውስጡ ያለው ስፖንጅ እየተፈረፈረ አየር ቱቦው ውስጥ ስለሚገባ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ማሽኖቹን ከገበያ ሰብስቧል። ከነሱ አንዱ በሻንጣ እንፍራንዝ እንዳይገባ! መብራት በየሌሊቱ በሚጠፋበት ቤት ማሽኑ ምን እንደሚሆንም አስቡት።

ለማሽኑ ያሰባችሁት ገንዘብ ግን ሥራ አለው።

አንደኛ፣ የልብ አልትራሳውንድ አሳዩአቸው። ለመጓጓዣው፣ ለማደሪያው፣ ለአስታማሚው ላኩ። ከእንፍራንዝ ጎንደር ሩቅ አይደለም፤ የሚያስቀረው ብዙ ጊዜ ኪስ ነው።

ሁለተኛ፣ መድኃኒቱ እንዳይቋረጥ አድርጉ። ኢናላፕሪል፣ ካርቬዲሎል፣ ስፓይሮኖላክቶን፣ ፉሮሰማይድ የሚባሉት አባታችሁ ዘንድ ካሉ ሰውየው የያዘው ከማሽኑ የሚበልጠውን ነው። ሽንት የሚያበዛውን መድኃኒት «ቆሜ ማስቀደስ አልቻልኩም» ብለው የሚተዉ ሽማግሌዎች ሞልተዋል። መተው ሳይሆን የሚዋጥበትን ሰዓት ሐኪሙን ማማከር ነው። በጾምም እንደዚያው፤ ጠበሉም ጸሎቱም በቦታው ይሁን፣ መድኃኒቱን ግን አያስቁሙ።

ሦስተኛ፣ ሚዛን ግዙላቸው። ጠዋት ሽንት ከሸኑ በኋላ ይመዘኑ። በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ሁለት ኪሎ ከጨመሩ ሥጋ አይደለም፣ ውኃ ነው፤ ወደ ጤና ጣቢያ። ከወጡ ጨው መቀነስ፣ አረቄና ጠላ መተው፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የእንቅልፍ ኪኒን አለመንካት። መጠጥና የእንቅልፍ መድኃኒት ጉሮሮን የባሰ ያላሉታል።

አራተኛ፣ እናታችሁን ጠይቁ። ይህ ምንም ወጪ የለውም። ትንፋሹ ሲቆም ደረቱ ይታገላል ወይስ ዝም ይላል? እስከ ስንት ትቆጥሪያለሽ? ስንት ጊዜ ይነቃል? በስልክ ሁለት ሦስት ደቂቃ ቪዲዮ ትቅረጽ፤ ሐኪሙ ዘንድ ይዛው ትሂድ። ተኝቶ እያለ ታፍኖ ብድግ የሚል፣ ቁጭ ብሎም ትንፋሹ የማይመለስለት፣ አረፋ የቀላቀለ አክታ የሚወጣው ከሆነ ግን ቀረጻም ሚዛንም አይጠበቅም፤ በዚያው ሌሊት ነው መኪና የሚፈለገው።

ነርስና ጤና መኮንን ለሆናችሁ ተማሪዎቼ ደግሞ አንዲት ነገር። መጽሐፉ «ስንት ትራስ ተደራርቦ ነው የምትተኛው?» ብላችሁ ጠይቁ ይላል። መደብ ላይ አጎዛ አንጥፎ ለሚተኛ ገበሬ ይህ ጥያቄ ምኑም አይደለም። «አንድ» ይላችኋል፤ እናንተም ደህና ነው ብላችሁ ትጽፋላችሁ። ጆንያ ተደግፈህ ነው ወይ የምታድረው በሉት። ግድግዳ ተደግፈህ ነው ወይ በሉት። ከሁሉ በላይ ደግሞ አብሮት የመጣውን ሰው ከበር ውጭ አታስቀሩት።

የመጨረሻው ነገር ከሌሊቱ በፊት ስላለው ቀን ነው። በውጭ አገር የልብ ድካም በብዛት የሽማግሌ በሽታ ነው። በኛ አገር ግን በሃያና በሠላሳ ዓመታቸው ቁጭ ብለው የሚያድሩ ወጣቶች አሉ። የብዙዎቹ ሕመም የጀመረው በልጅነታቸው በነበረ የጉሮሮ ሕመም ነው። ጉሮሮን የሚያሳምመው አንዱ ባክቴሪያ ካልታከመ ሰውነት እሱን ሲዋጋ የልብን በሮች ያቆስላል። ቶሎ ከታከመ በርካሹ ፔኒሲሊን ይድናል፤ ልቡን ከነካው ደግሞ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የሚሰጥ መርፌ እንዳይብስ ይጠብቀዋል። የአፍሪካ ኅብረት ይህን በሽታ ከአህጉሩ ለማጥፋት የአዲስ አበባ መግለጫ የሚባለውን የተቀበለው በዚያው በ2015፣ ማሽኑ ሞት ጨመረ በተባለበት ዓመት ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ የመጡ ሁለት ወሬዎች ናቸው። አንደኛው ውድ ማሽን እንዳልረዳ፣ ሌላኛው ርካሽ መርፌ ብዙ ልብ ሊያድን እንደሚችል። ልጃችሁ ትኩሳት ይዞት ጉሮሮዬን ካለ ቶሎ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ መርፌ የታዘዘለትም ካለ ቀጠሮውን አታሳልፉበት።

ያያችሁትን፣ የምታውቁትን ከታች ጻፉልኝ። ሐኪም የሆናችሁ ተማሪዎቼ ደግሞ ያጎደልኩትን ሙሉበት፤ አንብቤ እመልሳለሁ። ማንበብ ለማይችል አባትና እናት ያላችሁ በስልክ አንብቡላቸው።

በሉ፣ በሰላም እደሩ። ትንፋሻችሁን እግዜር ይጠብቅ፤ ጎናችሁ የተኛውንም ሰው አድምጡት።